ሞተር ሲለወጥ የቤቷ እመቤት ምን ትጠይቅ?



«ጋራዥ የወንድ ቦታ ነው» ሲባል እየሰማን አድገናል። መኪና ሲበላሽ ባል ወይም ወንድም ይዞት ይሄዳል፤ መካኒኩም ለእሱ ይነግረዋል። እሱ ማታ ቤት ገብቶ «ይህን ያህል ብር ያስፈልጋል» ይላል። ብሩ ግን የሚወጣው ከቤቱ ጓዳ ነው፤ ከእቁቡ፣ ለልጆች ጫማና ደብተር ከተቀመጠው፣ አንዳንዴም ለክፉ ቀን ተብሎ ከተያዘው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ወጥ አሠራር ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት ሳይሆን ስለ መኪና ሞተር ብናወራ አይግረምዎ።

እኔም ወደዚህ ነገር የገባሁት ወድጄ አይደለም። ቤታችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1974 ሥሪት የሆነች ቮልስዋገን ኮምቢ አለች። ከኋላዋ የሚዘረጋ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሣጥንና የእጅ መታጠቢያ አላት፤ ፈረንጆች እያደሩ አገር የሚያዩባት ዓይነት ናት። ባለቤቴ ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ አገሩ ሊመለስ ከተሰናዳ የውጭ አገር ሰው ሲገዛት ለሽርሽር ብሎ ነበር። ሽርሽሩ ሁለት ጊዜ ላንጋኖ ከመሄድ አላለፈም። አልጋዋ ግን በኋላ ሌላ ሥራ አገኘች። ደጀን የምትኖረው እናቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ከታከመች ወዲህ ለረጅም ሰዓት ቁጭ ማለት አቃታት። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ለሐኪም መቅረብ ነበረባት። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአውቶቡስ ወንበር ላይ መጓዝ ለእሷ የማይታሰብ ነው። በኮምቢዋ አልጋ ላይ ግን ተኝታ ትመጣለች።

ከዚያም ኮምቢዋ ማጨስ ጀመረች። ጭሱ ሰማያዊ ነበር፤ ዘይትም በየሳምንቱ ይጨመርላት ነበር። ባለቤቴ የወሰዳት ጋራዥ «ይኼ ሞተር አልቆለታል፤ ይለወጥ» አለ። ወዲያውም ሌላ ሞተር ተገኘ፤ ከአንዲት ትንሽ ቮልስ የወጣ። «ያው የቮልስዋገን ሞተር ነው፤ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ዋጋውም ግማሽ ነው» ተባለ። እውነትም ልክክ ብሎ ገባ። እኔም ዋጋው ግማሽ በመሆኑ ደስ ብሎኝ የእቁቡን ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሞተሩ በከተማ ውስጥ አራት ወር ሠራ። በአምስተኛው ወር እናቴን ከደጀን ይዘን ዓባይ በረሃ ወረድን። መንገዱ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና በማዶው ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ዳገቱን አጋምሰን ሳንጨርስ የተቃጠለ ብረት ሽታ መጣ፤ ከኋላ እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩም ቀጥ አለ። እየመሸ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «መኪናዋም እንደኔ ወገቧን ነው እንዴ?» ስትል እኔ እንባዬ መጣ እንጂ አልሳቅሁም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ እግዜር ይስጠው፣ በገመድ ስቦ ጎሐ ጽዮን አደረሰን።

እዚያ ሌሊት ቁጭ ብዬ ያሰብኩትን ነው ዛሬ ለእርስዎ የምጽፈው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ የተማርኩትንም ጨምሬ ነው።

ሽማግሌው በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሞተሩ አልነበረም። «ልጄ፣ ይህቺ መኪና ምን ተሸክማ የት ትሄዳለች?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው የገዛችሁት ሞተር ለዚህ ሥራ አልተሠራም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሿ ቮልስና ኮምቢዋ እኅትማማቾች ናቸው። የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው፤ በውሃ ሳይሆን በነፋስ ይቀዘቅዛል፤ ከካምቢዮው ጋር የሚታሰረውም በአራት ብሎኖች ነው። ስለዚህ የአንዷ ሞተር ለሌላዋ ይገባል። ይሁን እንጂ ትንሿ ቮልስ ባዶዋን 800 ኪሎ ገደማ ስትመዝን፣ አልጋና ቁም ሣጥን ያላት ኮምቢ ሰው ሳይገባባት 1,300 ኪሎ ገደማ ትደርሳለች። ሰውና ዕቃ ሲጨመር ደግሞ ከሁለት ቶን ታልፋለች። ፋብሪካው ለዚህች ኮምቢ የሰጣት 50 የፈረስ ጉልበት ያለው 1600 ሞተር ነው። የእኛ «ርካሽ» ሞተር 1200 ነበር፤ ጉልበቱም 34 ፈረስ ብቻ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት እንዲወጣ እንደማዘዝ ነው።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገዩ ያውቃሉ፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ነው። ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ነው። በመሆኑም በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። የ50 ፈረሱ ሞተር በእኛ ከተማ ከ38 ብዙም አይበልጥም፤ የ34ቱ ደግሞ ወደ 26 ይወርዳል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሆን ችግሩ እጥፍ ነው፤ ስሱ አየር ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውንም ይቀንስበታልና።

ሽማግሌው አንድ ሌላ ነገርም አሳዩኝ። የአዲስ አበባ መካኒኮች መኪናው ጥቁር እንዳያጨስና ቤንዚን እንዳይበላ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ ይለውጧታል። ለከተማው ይህ ትክክል ነው። መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ቀዳዳዋ ያው ጠባብ ስለሆነች ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሳል፤ ቃጠሎውም ከመጠን በላይ ይግላል። የእኛ ሞተር በረሃው ውስጥ ያገኘው ይህ ሁሉ ተደራርቦ ነው። ስለዚህ መካኒክዎን መኪናዋ ወደ ቆላ ትወርድ እንደሆነና እንዳልሆነ አስቀድመው ይንገሩት። እሱ አይጠይቅዎትም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ባለቤቴ ከዚያ መከራ በኋላ ተቆጥቶ ነበር። «ይህን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነገር ጥለን የጃፓን ሞተር እንግጠምባት» አለ። በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ጉልበቱም እጥፍ የሆነ። ሐሳቡ እብደት አይደለም። ፋብሪካው ራሱ በብራዚል ይሠራት የነበረችውን ኮምቢ ከ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በውሃ በሚቀዘቅዝ 1.4 ሊትር ሞተር ለውጦ፣ ራዲያተሩን አፍንጫዋ ላይ ሰክቶ፣ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ሠርቷታል። ነገር ግን ያ በፋብሪካ የተሠላ ነው። በጋራዥ ሲሠራ ከኋላ የተቀመጠውን ሞተር ከፊት ራዲያተር ጋር የሚያገናኝ ረጅም የውሃ ቱቦ በመኪናዋ ሆድ ሥር ይዘረጋል፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገጣጥም ብረት በቶርኖ ቤት ይቀረጻል፤ አካሏ ይቆረጣል፤ ማርሚታው እንደ አዲስ ይበየዳል። ካምቢዮውና ፍሬኑም የተሠሩት ለ50 ፈረስ ጉልበት ነው። ያንን ሁሉ የሠራው አንድ መካኒክ ነገ ጋራዡን ዘግቶ ቢሄድ የቱ ቱቦ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ሌላ ሰው አይኖርም። ጎሐ ጽዮን ላይ ያለ መካኒክ የቮልስ ሞተር ቢያይ ያውቀዋል፤ የእኛን ፈጠራ ቢያይ ግን ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ዝም አለ። ዝምታው ግን መስማማት አልነበረም፤ እስከ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ያነሣዋል።

«ኤሌክትሪክስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ አንዲት አሮጌ ኮምቢ በኤሌክትሪክ ሞተር ስትሄድ አሳይቷል። ለእኛ ግን ባትሪውን በውጭ ምንዛሪ መግዛት የሚቻል አልነበረም። በበረሃው መካከልም ባትሪ መሙያ የለም።

የቀሩን ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ ሌላ ያገለገለ 1600 ሞተር መግዛት፣ አለዚያም የራሷን አሮጌ ሞተር አውርዶ ማሳደስ። የራሷ ሞተር ከጓሯችን በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ለመሸጥ ሁለት ጊዜ ያህል ደርሼ ነበር፤ ያልሸጥኩት ነጋዴው የሰጠኝ ዋጋ ስላናደደኝ ብቻ ነው።

ያገለገለ ሞተር ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ይህን ሰፈር የማያውቁ ከሆነ አይፍሩት፤ ነጋዴዎቹ ትሑት ናቸው፤ ነገር ግን የማይጠይቅ ሰው ሲያዩ ይወዳሉ። ዋጋ እዚህ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን የመለዋወጫ ዋጋ ጋዜጣው እስኪታተም እንኳ አይጠብቅም። ዋጋውን ትቼ ማየት ያለብዎትን ልንገርዎ።

በመጀመሪያ የሞተሩን ቁጥር ይዩ። ዲናሞው ከቆመበት እግር ሥር ብረቱ ላይ ተመትቷል። በአውሮፓ ፋብሪካ በወጡት ላይ ከቁጥሩ በፊት ያለው ፊደል ሞተሩ ምን እንደሆነ ይናገራል። «ዲ» ብቻ ከሆነ የእኛን ጉድ የሠራው 1200 ነው። «ኤ-ዲ» ወይም «ኤ-ኤስ» ከሆነ 1600 ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በጊዜው ባውቀው ኖሮ አንድ ደቂቃ በማይፈጅ እይታ የእቁቡ ብር በተረፈ ነበር። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በድጋሚ የተመታ የሚመስል ከሆነ በዝምታ ይሂዱ።

ከዚያ ቺንጋው የሚዞርበትን ከኋላ ያለውን ክብ ብረት በሁለት እጅዎ ይያዙና ወደ ራስዎ ሳቡት፤ መልሰው ግፉት። ዋናው ዘንግ ወደፊትና ወደኋላ የሚላወስበት ልክ ከአንድ ደብተር ወረቀት ውፍረት ብዙ መብለጥ የለበትም፤ በሚሊ ሜትር ሲነገር ከ0.07 እስከ 0.13 ነው። «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ብሮንዚናው ወይም የሞተሩ ገላ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው። የተበላ ገላ ደግሞ በቀላሉ አይድንም። ይህን ሳደርግ አንድ ወጣት ነጋዴ ጓደኛውን ጠርቶ «ና፣ እትዬን እያቸው!» አለ። ይሳቅ። በዚያ ቀን ከያዝኳቸው አራት ሞተሮች ሦስቱ ቋ ብለዋል።

ሦስተኛው ለኮምቢ ብቻ የሚጠየቅ ነው። ትንሿ ቮልስ ሞተሯን የምትይዘው በካምቢዮው በኩል ብቻ ሲሆን የእኛ ኮምቢ ግን ከኋላ በኩልም በብረት ዘንግ ትደግፈዋለች። ለዚህ የሚሆኑት የብሎን ቀዳዳዎች በሞተሩ ገላ ላይ መኖራቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከሌሉ «በገመድ እናስረዋለን» የሚል መካኒክ አይጠፋም።

አራተኛው የየሲሊንደሩን እመቃ በመለኪያ ማየት ነው። በከፍታችን ምክንያት ቁጥሩ የፋብሪካው መጽሐፍ ከሚለው ዝቅ ይላል፤ ይህ አያስደንግጥዎ። መታየት ያለበት አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ብዙ ካነሰ ታማሚው እሱ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ይበልጥ ይጠረጠራል፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚከልልበት ከሌሎቹ የበለጠ ይግላል፤ የጭስ ማስወጫ ቫልቮላው ተለጥጦ የሚበጠሰውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

እንዲህ ፈትሼ ደህና የመሰለኝን አንዱን ይዤ ከመወሰኔ በፊት ሽማግሌው «በሸራ የሸፈንሽውን መጀመሪያ አምጪልኝ» አሉ። አመጣሁት፤ ሞተሩ መቶ ኪሎ ስለሚያልፍ ሁለት ጎረምሶች በጋሪ አመጡት። ሰብስቤ የማልረሳው ቀን ነው። ፈቱትና በጨርቅ ላይ ደረደሩት። ገላው ደህና ነበር። ዋናው ዘንግም ተለክቶ ደህና ሆነ። ያለቁት ፒስተኖቹ፣ ፋሻዎቹና ሲሊንደሮቹ ነበሩ፤ ሰማያዊው ጭስ የመጣውም ከዚያ ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቮላ አንገቱ ቀጥኖ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። «አልቆለታል» የተባለው ሞተር ይህ ነው። ያን ጊዜ አልተፈታም፤ የፈታውም የለም።

የዚህ ሞተር ጥሩ ጠባይ አለው። አራቱ ሲሊንደሮች ለየብቻቸው የቆሙ፣ ክንፍ ክንፍ ያላቸው የብረት ቱቦዎች ናቸው። ሲያልቁ እንደ ሌላው ሞተር ገላውን ቶርኖ ቤት አስወስዶ ማስሞረድ የግድ አይደለም፤ ፒስተኑና ሲሊንደሩ አንድ ላይ በአዲስ ይለወጣሉ። ለ1600ው የሚሆነው ስፋቱ 85.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፤ ሲገዙ በካርቶኑ ላይ ያንብቡት። ሒሳቡን በወረቀት ሳወርደው ማሳደሱ ያየሁትን ያገለገለ ሞተር ከመግዛት በጥቂት ይበልጣል። ነገር ግን ያገለገለው ሞተር ውስጡን ማንም አላየውም፤ ይህንን ግን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ነክቼ አውቄዋለሁ። የበለጠውን ብር የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ሊብሬ። በሊብሬው ላይ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ለየብቻ ተጽፈዋል። ሞተር ከለወጡ የተጻፈውና ያለው አይገናኙም፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ወይም መኪናውን ሲሸጡ ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ የተለየ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት፣ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም፣ ፋይልዎ ወዳለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ያረጋግጡ። ከሻጩም ደረሰኝና ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የገባ መሆኑን የሚያሳየውን የጉምሩክ ሰነድ ይቀበሉ። «ወረቀቱ ነገ ይመጣል» የተባለ ሞተር ዛሬ አይከፈልበትም። እኛ የመጀመሪያውን ስንገዛ ወረቀት አልጠየቅንም፤ ባይቃጠል ኖሮ ሌላ መዘዝ ያመጣብን ነበር። የራሷን ሞተር ስንመልስላት ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ተገናኘ፤ ማንም ምንም አልጠየቀንም።

ሞተሩ ሲገጠም ጋራዥ ይሂዱና ይዩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ አጥብቄ ልናገር። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነፋሱን የሚያገኘው በዙሪያው በተገጣጠሙ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች እየተመራ ነው። ቆርቆሮዎቹ ብሎናቸው ብዙ ስለሆነ ችኩል መካኒክ ሁለት ሦስቱን ሳይመልስ ይተዋቸዋል። በሞተሩ ክፍል ጠርዝ ዙሪያ የሚሄደው ጎማም እንዲሁ ይረሳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከሥሩ የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። የኋላውን ክዳን ከፍተው በሞተሩ ዙሪያ ወደ ታች ይመልከቱ፤ መሬቱ ከታየዎ የጎደለ ነገር አለ። ዓባይ ላይ የቀረው ሞተራችን ላይ ሦስት ቆርቆሮ ጎድሎ ነበር።

የቤንዚን ጎማዎች ሁሉ በአዲስ ይለወጡ። የዚህ ሞተር ገላ የተሠራው ማግኒዥየም ካለበት ብረት ስለሆነ አንዴ እሳት ከያዘው በባልዲ ውሃ አይጠፋም፤ ውሃ እንዲያውም ያብሰዋል። የደረቀ የቤንዚን ጎማ የሚንጠባጠብበት ቦታ ደግሞ ሕፃናት ከሚተኙበት አልጋ ሥር ነው። ለዚህ ጎማ የሚወጣው ብር ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ በሱ አይቆጥቡ። የእሳት ማጥፊያውም ከሾፌሩ አጠገብ ይሁን እንጂ ከኋላ ከሞተሩ ጎን አይሰቀል።

እናቶች ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ግን ስለ ማሞቂያው ነው። ኮምቢ ውስጧን የምታሞቀው ነፋሱን በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ አሳልፋ ነው። ያ ቱቦ ከተበሳ ወይም ሲገጠም በደንብ ካልታሰረ የሞተሩ ጭስ ከሙቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ሰው ወዳለበት ይገባል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ሁላችንም ሰምተናል። ይህም ያው ነው፤ ሽታ የለውም፤ ራስን ያዞራል፤ የተኛ ሰው ደግሞ መዞሩን እንኳ አያውቅም። አልጋ ላይ ተኝታ የምትጓዝ በሽተኛ ላለችን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ቱቦዎቹን አውልቀው በብርሃን አሳዩኝ፤ አንዱ እንደ ወንፊት ነበር። እስክንለውጠው ድረስ የማሞቂያውን መንገድ ደፈኑት፤ እናቴም ሁለት ጉዞ በጋቢ ተጠቅልላ መጣች።

ሞተሩ ታድሶ ከተነሣ በኋላ ያለው ሥራ የባለቤቱ ነው፤ ያውም ቀላል። የመጀመሪያው ዘይት 500 ኪሎ ሜትር ላይ ይለወጣል፤ ያኔውኑ ቫልቮላው ይስተካከላል፤ ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፤ «ትኩስም ቢሆን ችግር የለውም» የሚልዎትን አይመኑ። ይህ ሞተር እንደ ሌሎቹ የወረቀት ዘይት ማጣሪያ የለውም፤ ያለችው አንዲት የሽቦ ወንፊት ናት። የሚይዘውም ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መለወጥ ግድ ነው። እኔ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የወተትና የእንቁላል ሒሳብ በምጽፍበት ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ወር እናቴን ልናመጣ ደጀን ሄድን። በመልሱ ባለቤቴ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ሁለት ቦታ አሳርፎ ወጣው፤ የጭነት መኪናዎች ሲያልፉን ክላክስ ያደርጉልን ነበር። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ቡና አዘዝንና ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ እኔ የኋላውን ክዳን ከፍቼ የዘይቱን መለኪያ አወጣሁ፤ ጠረግሁት፤ መልሼ ከትቼ አወጣሁት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር። እናቴን ቡና ልጠራት ብሄድ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት።